ጅቡቲ፦ ቦታዋን አከራይታ የምትኖር አገር

እርሻ የላትም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ በር ግን አላት። ተከራዩ እንዳይሄድባት የምትሰጋውም ለዚሁ ነው

መርካቶ ውስጥ የጎማ፣ የብረት ወይም የዘይት ዋጋ በአንድ ሳምንት ሽቅብ ሲል ቸርቻሪው ጅምላ አከፋፋዩን ይጠይቃል። ጅምላ አከፋፋዩ አስመጪውን፣ አስመጪው ደግሞ ትራንዚተሩን ይይዛል። የጥያቄው ጫፍ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ጅቡቲ። መርከቡ ገባ ወይ? ዕቃው ወረደ ወይ? ተሳቢ ተገኘ ወይ?

የጅቡቲን ስም በቀን አሥር ጊዜ የሚጠራው ነጋዴ ብዙ ነው። አገሪቱ ራሷ በምን እንደምትተዳደር ጠጋ ብሎ የተመለከተው ግን ጥቂት ነው። አከራዩ በምን እንደሚኖር የማያውቅ ተከራይ ደግሞ ኪራዩ መቼ እንደሚጨምርበት አያውቅም። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድንጋይ፣ ጨውና ጠባብ ባሕር

የጅቡቲ የቆዳ ስፋት 23 ሺህ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕዝቧ በ2024 በተካሄደው ቆጠራ አንድ ሚሊዮንን ጥቂት አልፏል። ከምድሯ ሊታረስ የሚችለው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ዝናቡ በዓመት በአማካይ ከ150 ሚሊ ሜትር አይዘልም፤ በበጋቸው ወራት ደግሞ ከምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ሲነሣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ያኔ አቅም ያለው ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይወጣል።

የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ የሚገኘው እዚሁ ነው። አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የተኛ ሲሆን ውኃው ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። የአፋር ግመል ነጂዎች ለዘመናት ጨው እየቆረጡ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ያወጡ የነበረው ከዚህ ሐይቅ ዳር ነው። በስተ ምዕራብ፣ ሁለቱ አገሮች በሚዋሰኑበት ላይ፣ አቤ ሐይቅ አለ። ከሸዋ ደጋ የሚነሣው አዋሽ በረሃውን አቋርጦ መጥቶ እዚያው ሰጥሞ ይቀራል። ወንዙ እንኳ ባሕሩን ሳያይ ነው የሚያልቀው።

ይህ ሁሉ ሲደመር ማንም ነጋዴ ገንዘቡን የማያፈስበት አገር ይመስላል። ነገር ግን ካርታውን ገልበጥ አድርጎ ከባሕሩ በኩል ማየት ያስፈልጋል። ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኘው የባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ብቻ ነው ያለው። በስዊዝ ቦይ በኩል ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚያልፍ መርከብ ሁሉ በጅቡቲ ደጃፍ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ለመርከብ ማረፊያ የተመቸ ጥልቅ ውኃ ሰጥቷታል። ከጀርባዋ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት፣ የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ተቀምጣለች።

ስለዚህ ጅቡቲ የምትሸጠው ዕቃ የላትም። የምታከራየው ቦታ ነው።

ተከራይ ሲሄድና ሲመለስ

ከተማይቱ ራሷ የንግድ ልጅ ናት። ፈረንሳዮች በ1862 በውል የያዙት በሰሜን በኩል ያለውን ኦቦክን ነበር። ሆኖም ኦቦክ ለደጋው ንግድ አመቺ አልሆነም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ ባሕረ ሰላጤው ደቡብ ተሻግረው ጅቡቲን ቆረቆሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ የጅቡቲ ዕድል ተወሰነ። ሥራው በ1897 ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ድሬዳዋን ያበቀለው ባቡር ጅቡቲንም ከመንደርነት አውጥቶ ወደብ አደረጋት።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን የጅቡቲ ነጋዴዎች እስካሁን የማይረሱት ነው። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ ሆነ። ወደቡ እየሰፋ፣ መንገዱ እየተሠራ፣ ማጣሪያ እየተተከለ ሲሄድ የኢትዮጵያ ጭነት ቀስ በቀስ ከጅቡቲ ወደ አሰብ ዞረ። ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. (27 ሰኔ 1977) ነፃነቷን ባወጀችበት ወቅት ደግሞ የሶማሊያ ጦርነት የባቡሩን መሥመር ቆረጠው። አዲሲቱ አገር ሰንደቅ ዓላማዋን የሰቀለችው ዋናው ደንበኛዋ ደጃፏን ባልረገጠበት ወራት ነበር ማለት ይቻላል።

በ1990 ዓ.ም. (1998) የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ ነገሩ ተገለበጠ። አሰብ ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ጎረፈ። እንዲያውም የአሳል ጨው ሳይቀር አዲስ ገበያ አገኘ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በዚሁ በር ነው። በጅቡቲ ወደቦች ከሚስተናገደው ጭነትም አብዛኛው የኢትዮጵያ ነው።

ይህን ታሪክ የያዘ ሰው ጅቡቲ ባለፉት ሃያ ዓመቶች ያለ ዕረፍት ወደብ በወደብ ላይ ለምን እንደ ገነባች አይጠፋውም። ደንበኛ ሊሄድ እንደሚችል አይታለች። ባልታሰበ ቀን ሊመለስ እንደሚችልም አይታለች። ከሁለቱ የተማረችው ትምህርት አንድ ነው፦ ደንበኛው በር ላይ ሳለ የመሄጃ ምክንያት አታሳጪው እንጂ አትስጪው።

ወደቡ ከተማ፣ ከተማው ወደብ

ከጅቡቲ ሕዝብ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የሚኖረው በዋና ከተማዋ ነው። ከተማይቱን በሦስት መክፈል ይቻላል። በባሕሩ ዳር የፈረንሳዮች ዘመን ቅስት ያላቸው ነጫጭ ሕንፃዎች፣ ባንኮች፣ የመርከብ ወኪሎችና ትራንዚት ቤቶች አሉ። ከዚያ ወዲያ ሕዝብ የሚኖርባቸው ሰፈሮችና ገበያዎች ይከተላሉ። ከሁሉም ወዲያ ባልባላ አለ። ባልባላ ከገጠርና ከጎረቤት አገሮች በመጣ ሰው በቆርቆሮ ቤት ተጀምሮ ዛሬ ራሱን የቻለ ትልቅ ከተማ የሆነ ሰፈር ነው። የወደቡ ገንዘብ ባልባላ ሲደርስ መሳሳቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ከመሐል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኘውን ቦታ የኢትዮጵያ ሾፌር ከቤቱ ሰፈር ባልተናነሰ ያውቃታል፤ ፒኬ 12። ወረፋ የሚጠብቅ ተሳቢ የሚቆመው፣ ጎማ የሚለወጠው፣ እንጀራ የሚበላውና አማርኛ እንደ ልብ የሚነገረው እዚያ ነው። ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ፍራሹን ዘርግቶ ጥላ ሲፈልግ አዲስ አበባ ያለው ባለ ንብረት ደግሞ ቀን ይቆጥራል።

ዕቃው ወዳለበት ወደ ዶራሌ ሲኬድ መልኩ ይለወጣል። የኮንቴይነር ተርሚናሉ በ2009 ተመረቀ። የነዳጅ ተርሚናሉ ከእሱ ቀድሞ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የኢትዮጵያ ቦቴዎች የሚሞሉት ከዚያ ነው። በ2017 ደግሞ 590 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተከፈተ። ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ መኪናና ብረት የሚራገፍበት ይህ ነው። ማዳበሪያ በሚገባበት ወቅት መኪናው ሁሉ ወደዚያ ስለሚመደብ ሌላው ጭነት ይቆማል። ይህንን ልምድ ያለው አስመጪ አስቀድሞ በሒሳቡ ውስጥ ያስገባዋል።

የኮንቴይነር ተርሚናሉ ታሪክ ለባለ ሀብት የሚናገረው ሌላ ነገር አለ። ግንባታውንና አስተዳደሩን በ2006 ለሠላሳ ዓመት በውል የያዘው የዱባዩ ዲፒ ወርልድ ነበር። የጅቡቲ መንግሥት የካቲት 2018 ላይ ውሉን አፍርሶ ተርሚናሉን በእጁ አደረገ። ምክንያቱን ሲገልጽ ውሉ የአገሪቱን ሉዓላዊነት የሚነካ ነው አለ። ክርክሩ በለንደን የግልግል ችሎቶች ለዓመታት ተንከባሏል። የቻይናው መርቻንትስ ኩባንያ በበኩሉ ከ2013 ጀምሮ በወደቡ ኩባንያ ውስጥ 23.5 በመቶ ድርሻ አለው። ሐምሌ 2018 ላይ የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጣና 240 ሔክታር በሚሆን የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲጀመር ዕቅዱ እስከ 4 ሺህ 800 ሔክታር እንዲሰፋ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጅቡቲ ቦታዋን ለማንም ታከራያለች፤ የቁልፉን ጉዳይ ግን በውል ብቻ አትጨርሰውም።

ኪራዩ የወደብ ብቻም አይደለም። ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ከ2017 ጀምሮ ቻይና በዚህች ትንሽ አገር ውስጥ ወታደር አስፍረዋል። አሜሪካ በ2014 ባደሰችው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማምታለች። ፈረንሳይ በ2024 ያደሰችው ውል በዓመት 85 ሚሊዮን ዩሮ ነው። በባሕር ሥር ተዘርግተው እዚያ የሚወጡት የቴሌኮም ኬብሎችም ኪራይ ከፋዮች ናቸው። ጠባብ ባሕር ያላት አገር ያለችውን ስንዝር መሬት ሁሉ ታከራያለች።

ከሰዓት በኋላ ከተማይቱን ላየ ሰው ግን ኢትዮጵያ ተቀባይ ብቻ ሳትሆን ሻጭም መሆኗ ይገባዋል። ከአወዳይና ከድሬዳዋ አካባቢ በየቀኑ የሚገባው ጫት በደረሰበት ሰዓት የከተማው ሩጫ ሁሉ ወደዚያው ይዞራል። አትክልቱና ፍራፍሬውም የሚወርደው ከዚያው ከደጋው ነው። በጅቡቲ ገበያ የቲማቲም ዋጋ ሲወደድ ሻጪዋ የምትጠይቀው ጥያቄ ከመርካቶው ቸርቻሪ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። መንገዱ ምን ሆነ?

ሁለቱ የኋላ በሮች

ከዋና ከተማው ወደ ኢትዮጵያ የሚያወጡ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ወደ ምዕራብ በዲኪል በኩል ጋላፊ ይደርሳል። ዲኪል በድንጋይ ሜዳ መካከል ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ስትሆን የሚያኖራት የሚያልፈው መኪና ነው። ከጋላፊ ወዲህ ሎጊያ፣ ሚሌ፣ አዋሽ እያለ አዲስ አበባ ለመድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ጭነት እስከ ዛሬ የሚመጣው በዚህ መንገድ በተሳቢ ነው። ወደ ታች ሲኬድ ከተሳቢዎቹ ብዙዎቹ ባዶ ናቸው፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያ የምታስገባው ከምትልከው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አስመጪው የሚከፍለው የአንድ መንገድ ኪራይ ቢመስልም በተግባር የመልስ ጉዞው ሒሳብም እሱ ላይ ነው ያለው።

ሁለተኛው በር በደቡብ በኩል አሊ ሳቢ ናት። ቀያይ ተራሮች የከበቧት ይህች ከተማ የባቡር ልጅ ናት። ከእሷ ወዲህ ያለው ጠረፍ ደወሌ ነው። አሮጌው ሐዲድ ሲዳከም ከተማዋም አብራ ተዳከመች። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 መጨረሻ በኢትዮጵያ በኩል፣ በ2017 መጀመሪያ በጅቡቲ በኩል ተመረቀ። መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ጥር 2018 ነው። ኩባንያው የሁለቱ አገሮች ሲሆን ኢትዮጵያ 75 በመቶ፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ድርሻ አላቸው። ገንዘቡ በአብዛኛው የቻይና ብድር ነበር። ኢትዮጵያ የአሥር ዓመቱን የመክፈያ ጊዜ በ2018 ወደ ሠላሳ ዓመት ማስረዘም የግድ ሆኖባታል። ባቡሩ ሲሠራ ኮንቴይነር በአንድ ቀን ውስጥ ሞጆ ሊደርስ ይችላል፤ የተሳቢውን ቦታ ሙሉ በሙሉ ሊወስድ ግን አልቻለም።

በእነዚሁ መንገዶች አቅጣጫ፣ ግን በተቃራኒው፣ ሌላ ነገርም ይወርዳል። ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ለጅቡቲ ይደርሳል። በ2017 የተመረቀ 102 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ደግሞ ከሶማሌ ክልል፣ ከሀዳጋላ፣ የጉድጓድ ውኃ በአሊ ሳቢ በኩል ወደ ዋና ከተማው ያወርዳል።

እዚህ ላይ የአከራይና የተከራይ ምሳሌ ይገለበጣል። በዓለም ላይ ተከራዩ ለአከራዩ መብራትና ውኃ የሚልክበት ቤት ብዙ አይገኝም።

ታጁራና ኦቦክ

ከባሕረ ሰላጤው ባሻገር ያለችው ታጁራ ጅቡቲ ሳትቆረቆር በፊት ወደብ ነበረች። የአፋር ሡልጣኖች መቀመጫ፣ የጨውና የመሣሪያ ሲራራ ነጋዴ መነሻ ናት። ሐረር የሚያውቀው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ የተነሣው ከታጁራ ነበር። ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ወራት አለፉ፤ ሸሪኩ በበሽታ ሞተበት። ጥቅምት 1886 ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ቢገባም ያሰበውን ትርፍ አላገኘም። የሸሪኩ ዕዳም ከሒሳቡ ላይ ተቀነሰበት። በዚህ መሥመር ላይ ዕቃ ወደብ ላይ ቆሞበት ትርፉ ያለቀበት ነጋዴ የመጀመሪያው ይኸው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ ታጁራ አዲስ ወደብ አላት፤ በ2017 ተመረቀ። በባልሆ በኩል ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የሚወጣ መንገድም ተሠርቷል። ለወሎና ለትግራይ ነጋዴ በካርታ ላይ ከዶራሌ የሚቀርበው ይህ በር ነው። በዚያው ዓመት በጉቤት የጨው መላኪያ ወደብ ተከፈተ። ወደ ታጁራ ይደርሳል የተባለው የሰሜን ባቡር ግን አልተፈጸመም፤ ስለዚህ ወደቡ ከአቅሙ በታች ቆይቷል። በነሐሴ 2024 የጅቡቲ መንግሥት የታጁራን ወደብ ኢትዮጵያ እንድታስተዳድረው ሐሳብ ያቀረበው እንዲሁ በቸርነት አልነበረም። በዚያ ዓመት ጥር ወር ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈርማ ነበርና ነው።

ኦቦክ ከሁሉም ሩቅና ጸጥተኛ ናት። የፈረንሳዮች የመጀመሪያ ማረፊያ የነበረችው ከተማ ዛሬ ስሟ የሚነሣው በዕቃ ሳይሆን በሰው ነው። ወደ የመን ተሻግረው ሳውዲ ዓረቢያ ለመግባት የሚሹ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በእግር አቋርጠው የሚደርሱት እዚህ ነው። ከየመን ጦርነት የሸሹም በ2015 በተቃራኒው አቅጣጫ ተሻግረው በአቅራቢያዋ ሰፈሩ። በሚያዝያ 2024 ብቻ በአካባቢው ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወዲያ ኮንቴይነር በኢንሹራንስ ተሸፍኖ በሚያልፍበት ባሕር ላይ ሰው ያለ ዋስትና ይሻገራል። ባሕሩ ሁለት ገበያ አለው።

የማይነቃነቅ ፍራንክ

የጅቡቲ ሀብት ወደብ ብቻ ነው የሚል ሰው ገንዘቧን ረስቷል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ሲሆን ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ሆኖ ቆይቷል። በአካባቢው ጦርነት መጣ፣ ድርቅ መጣ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ባንኮች፣ የመርከብ ወኪሎችና የነፃ ቀጣና ኩባንያዎች ጅቡቲን የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለኢትዮጵያዊው አስመጪ ግን ይኸው ነገር ሌላ ትርጉም አለው። በጅቡቲ የሚከፈል ማናቸውም ክፍያ፣ ስሙ ፍራንክ ቢሆንም፣ ዶላር ነው። አንድ ሺህ ፍራንክ ሁልጊዜ 5 ዶላር ከ63 ሳንቲም ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ 320 ብር ነበር። ዶላሩ 120 ብር ሲሆን ያው ሺህ ፍራንክ 675 ብር ይሆናል። በጅቡቲ በኩል ማንም ዋጋ አልጨመረም። ለነጋዴው ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

በዚህ ሒሳብ ትልቁ ቦታ የሚይዘው ዴመሬጅ ነው። ዕቃ ወደብ ላይ ከነፃ ቀኑ ባለፈ ቁጥር ወደቡ ለመጋዘን ያስከፍላል። የመርከብ ድርጅቱም ኮንቴይነሩ ባዶ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ያስከፍላል። ሁለቱም ቀን በረዘመ ቁጥር ተመናቸው ይከብዳል። ሁለቱም በዶላር ናቸው። መዘግየቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከባሕሩ ሳይሆን ከወዲህ ነው፤ ባንክ ያዘገየው ሰነድ፣ ጉምሩክ ላይ የተጓተተ ዲክላራሲዮን፣ ያልተገኘ ተሳቢ። በመልቲሞዳል ዕቃው በአንድ ሰነድ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲመጣ የጅቡቲው ጣጣ ከአስመጪው ላይ ይቀልለታል። ሆኖም ቀኑ ሞጆ ላይም መቆጠሩን አይተውም። በዩኒሞዳል የሚያመጣ ደግሞ ትራንዚተሩ ቀልጣፋ ካልሆነ ትርፉ ጅቡቲ ላይ ትቀራለች።

በዚህ ላይ ባሕሩም የራሱን ዋጋ ጨምሯል። ከኅዳር 2023 ወዲህ የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ። የመድንና የጭነት ዋጋ ተሰቀለ። ጠባቡ ባሕር የጅቡቲ ሀብት የመሆኑን ያህል የጅቡቲ ሥጋት መሆኑ የታየው ያኔ ነው።

ማን ማንን ይፈልጋል?

ኢትዮጵያ ሌላ በር ስትፈልግ ቆይታለች። በርበራ ላይ ዲፒ ወርልድ የገነባው አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል በ2021 ተከፈተ፤ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚያመጣ መንገድም ተሠራ። ኢትዮጵያ በወደቡ ላይ 19 በመቶ ድርሻ እንደሚኖራት በ2018 ቢገለጽም ነገሩ ሳይፈጸም ቀረ። የኬንያው ላሙ የመጀመሪያ መትከያ በ2021 ሥራ ጀመረ። በጥቅምት 2023 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ስለ ቀይ ባሕር ያደረጉት ንግግር፣ የጥር 2024ቱ የሶማሌላንድ ሰነድ፣ ከዚያም የታኅሣሥ 2024ቱ የአንካራ መግለጫ ተከታትለው መጡ። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ነጋዴ በዛሬው ቀን ኮንቴይነር ሲያዝዝ ቢሉ ላይ የሚጻፈው መድረሻ ጅቡቲ ነው።

ምክንያቱ ፍቅር አይደለም፤ የተሠራ ነገር ነው። ሐዲዱ፣ መንገዱ፣ የነዳጅ ታንከሩ፣ የማዳበሪያ ማሸጊያው፣ የትራንዚተሩ ትውውቅና የሾፌሩ ልምድ ሁሉ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋ ነው። አዲስ ወደብ በአንድ ፊርማ ይገኛል። አዲስ መሥመር ግን አሥርና ሃያ ዓመት ይፈልጋል።

በሌላው ወገን ጅቡቲም እንዲሁ ታስራለች። ለ100 ሚሊዮን ሕዝብ የተሠራ ወደብ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ትርጉም የለውም። የወሰደችው የቻይና ብድር ሊከፈል የሚችለው የኢትዮጵያ ጭነት ከመጣ ብቻ ነው። ውኃዋም መብራቷም ከዚያው ነው። ለዚህም ነው የጅቡቲ ሹማምንት በርበራ በተባለ ቁጥር ታጁራን የሚያወሱት።

ለገበያ ሰው የሚጠቅመው መደምደሚያ እንግዲህ ይህ ነው። የጅቡቲ የወደብ ክፍያ ዝቅ የሚለው በልመና አይደለም። ተከራዩ ሌላ ቤት ሊያይ መሄዱን አከራዩ ባወቀ ጊዜ ብቻ ነው። በርበራም፣ ላሙም፣ ታጁራም ዕቃ ባያስተናግዱ እንኳ ለመደራደሪያ ይጠቅማሉ። ግን ድርድሩ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ዓመታትም ይወስዳል። በነጋዴው እጅ ያለው ቀኑ ብቻ ነው። ሰነዱን መርከቡ ሳይደርስ ያዘጋጀ፣ የማዳበሪያውን ወቅት አይቶ ያዘዘ፣ ፍራንኩን በዶላር ያሰላ አስመጪ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ በር ገብቶ በሌላ ዋጋ ይሸጣል።

ፒኬ 12 ላይ ከመኪናው ሥር የተኛው ሾፌር ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። መንገዱ ያው 900 ኪሎ ሜትር ነው። ዋጋውን የሚለውጠው ርቀቱ አይደለም፤ የቆመበት ቀን ነው።